ከአንዲት ወረቀት እስከ ፖስታ ሳጥን፦ ዚን ሠርቶ መላክ

ስምንት ገጽ ያላት መጽሐፍ ለመሥራት አንድ ኤ4 ወረቀት፣ መቀስ እና እስክሪብቶ ይበቃል። ኮላ የለም፣ ስቴፕለር የለም፣ ክር የለም። የምትቆርጡት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው ማጠፍ ነው።

እንዲህ ያለች ትንሽ ጥራዝ «ዚን» ትባላለች። ባለቤቷ ራሱ ይጽፋታል፣ ራሱ ይስላታል፣ ራሱ ያባዛታል፣ ራሱ ያድላታል። አርታኢ የለበትም፣ አሳታሚ የለበትም፣ «ጽሑፍዎን አልተቀበልነውም» የሚል መልስም የለበትም። ቃሉ «ፋንዚን» ከሚለው ያጠረ ነው። «ፋንዚን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠረው ረስ ሾቨኔ የተባለ አሜሪካዊ የሳይንስ ልቦለድ ወዳጅ ነው፤ አፍቃሪዎች ለራሳቸው የሚያዘጋጁትን መጽሔት ከገበያው መጽሔት ለመለየት።

እኔ ግን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠች ዚን ገና አላለቀችም ባይ ነኝ። የሰው እጅ ስትገባ ነው የምታልቀው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማጠፍ ጀምሮ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ይሄዳል።

መጀመሪያ ባዶዋን እጠፉ

ጀማሪ ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል። ወረቀቱን ዘርግቶ መሳል ይጀምራል። ሲያጥፈው ታዲያ ገጽ 3 ተዘቅዝቆ፣ ሽፋኑ መሀል ገብቶ ቁጭ ይላል። እናንተ መጀመሪያ ባዶ ወረቀት እጠፉ። ገጾቹን በእርሳስ ቁጥር ስጧቸው። ከዚያ ዘርጉት። ይህች ባዶ ናሙና ካርታችሁ ናት።

አስተጣጠፉ እንዲህ ነው፦

1. ወረቀቱን በርዝመቱ ለሁለት እጠፉ። ረጅምና ቀጭን ይሆናል። እጥፋቱን በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫን ብላችሁ እሹት። ዘርጉት።

2. አሁን አጭሩን ጎን ከአጭሩ ጎን አገናኝታችሁ ለሁለት እጠፉ። ዘርጉት።

3. ሁለቱን አጫጭር ጎኖች ወደ መሀለኛው መስመር አምጥታችሁ እጠፉ። ዘርጉት። አሁን ስምንት እኩል ሳጥን ይታያችኋል፤ አራት ከላይ፣ አራት ከታች። እያንዳንዱ 74 በ105 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም ኤ7።

4. በቁጥር 2 እንዳደረጋችሁት መልሳችሁ ለሁለት እጠፉ። መቀሱን ከታጠፈው ጎን መሀል አስነሱና በመሀሉ መስመር ላይ ቁረጡ። የሚቀጥለው እጥፋት ጋ ስትደርሱ አቁሙ። 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ካለፋችሁ ወረቀቷ ለሁለት ትገነጠላለች።

5. ዘርጉት። መሀሉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስንጥቅ አለ። በቁጥር 1 እንዳደረጋችሁት በርዝመቱ እጠፉትና ስንጥቁ ወደ ላይ እንዲሆን አቁሙት። ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ወደ መሀል ግፉ። ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ከላይ ስታዩት የመደመር ምልክት እስኪመስል ግፉ፤ ከዚያ ክንፎቹን ወደ አንድ ወገን ጠቅልሏቸው። መጽሐፍ ሆነች።

ቁጥር 5 ላይ እጅ የሚተሳሰርባቸው ብዙ ናቸው። አይዟችሁ፤ ሦስተኛዋን ስታጥፉ እጃችሁ በራሱ ይሄዳል።

አሁን ገጾቹን ቁጠሩና ዘርጉት። የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ይላል፤ አራቱም ተዘቅዝቀው። የታችኛው ደግሞ 6፣ 7፣ 8፣ 1 ይላል፤ አራቱም ቀጥ ብለው። 1 የፊት ሽፋን፣ 8 የኋላ ሽፋን ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ 2 እና 3፣ 4 እና 5፣ 6 እና 7 ወረቀቱ ላይም ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ሥዕል በሁለት ገጽ ላይ ማንጣለል ትችላላችሁ።

ሌላም አለ። ሥራው ሁሉ በወረቀቱ አንድ ወገን ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ዚኗን የፈታ አንባቢ ጀርባው ላይ ትልቅ ሥዕል ወይም ካርታ ቢያገኝ ምን ይለዋል? እኔ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ የደበቅኩት ነገር መኖሩን የትም አልጽፍም። ያገኘው ያግኘው።

ምን ይጻፍባት?

ከሽፋኖቹ ውጭ ስድስት ገጽ አላችሁ። ጠባብ ነው፤ ጠባብነቱ ደግሞ ይረዳል። «ሕይወቴ» የሚል ዚን አይገባባትም። «ከመስኮቴ የሚታዩ ስድስት ነገሮች» ግን ልክ ይመጣል። የተበላሸ ዚፕ አጠጋገን፣ አያቴ ስትናደድ የምትላቸው ቃላት፣ የጠፉብኝ ጃንጥላዎች ታሪክ፣ የአንድ ድመት የቀን ውሎ። በአንድ ገጽ ከ20 እስከ 30 ቃል ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን የመድኃኒት ማብራሪያ ወረቀት ይመስላል።

የእጅ ጽሑፌ አያምርም ብላችሁ አትፈሩ። የሚነበብ ከሆነ በቂ ነው። እንዲያውም ከኮምፒውተር የወጣ ፊደል ብቻ የሞላባት ዚን ለእኔ ትደርቅብኛለች። በኮምፒውተር ከጻፋችሁ ግን ፊደሉን አታሳንሱት። ፊደሎቻችን በጥቃቅን ምልክት ነው የሚለያዩት። ኮፒ ሲደረግ ቀለሙ ይሞላና ኘ ከነ፣ ቸ ከተ፣ ቁ ከቀ መለየት ያቅታል። ከ10 ነጥብ አትውረዱ።

ምስል ካስፈለጋችሁ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ቁረጡ። ስትለጥፉ ዱላ ኮላ ይሻላል፤ ፈሳሹ ወረቀቱን ያኮማትረዋል። ፈሳሹን ብቻ ካላችሁ በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡና ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት።

ማባዛት

ያዘጋጃችሁት ወረቀት «ማስተር» ይባላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛችሁት ስትሄዱ ሦስት ነገር አስታውሱ።

አንደኛ፣ ማሽኑ የወረቀቱን ጠርዝ አያነሳም። ከየጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። እኔ የመጀመሪያዋን ዚኔን ስሠራ ጽሑፉን እስከ ጫፍ ገፍቼው የየመስመሩ የመጨረሻ ፊደል ተበልቶ ወጣ። ሃያ ኮፒ! አንባቢዎቼ እንደ እንቆቅልሽ ነው ያነበቡት።

ሁለተኛ፣ «መቶ ፐርሰንት ይሁን» በሉ። ማሽኑ ወይም ባለ ማሽኑ ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት ብሎ ትንሽ ካሳነሰው እጥፋቶቹ ከገጾቹ ድንበር ጋር አይገጥሙም።

ሦስተኛ፣ አንዷን ብቻ አስነስታችሁ እዚያው ቆማችሁ እጠፏት። ልክ ከሆነች ሌላውን አስነሱ። ከኋላ የተሰለፈ ሰው ቢያጉረመርምም ይታገሳል።

እርሳስ ኮፒ ላይ ይደበዝዛል፤ ጥቁር ቀለም ድረቡበት። የለጠፋችሁት ቁራጭ ጠርዝ ጥላ ጥሎ መስመር ካወጣ ማስተሩ ላይ ጠርዙን በነጭ ማጥፊያ ቀለም ሸፍኑት።

ገጽ ሲበዛ፣ መርፌና ክር

ስድስት ገጽ ካልበቃችሁ ወረቀቶችን ለሁለት አጥፋችሁ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ ወረቀት አራት ገጽ ስለሚሰጥ ጠቅላላው የአራት ብዜት ይሆናል። የገጽ አደራደሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በአንድ ወገን ጎን ለጎን የሚተኙት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ ከጠቅላላው ገጽ በአንድ ይበልጣሉ። ስምንት ገጽ ከሆነ 8 እና 1፣ 2 እና 7፣ 6 እና 3፣ 4 እና 5። ሁሉም 9 ነው።

ለመጠረዝ ስቴፕለር ይሠራል፤ ግን የብዙዎቹ ክንድ አጭር ስለሆነ መሀል አይደርስም። ክር ይሻላል፣ ያምራልም። ጥራዙን መሀሉ ላይ ክፈቱ። እጥፋቱ ላይ በወስፌ ወይም በወፍራም መርፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱን መሀል፣ ሁለቱን ከየጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ክሩ የጥራዙን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይርዘም። ከውስጥ ጀምሩ። በመሀለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ ውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ ግቡ፣ መሀለኛውን ዘላችሁ በታችኛው ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዚያ በመሀለኛው ተመልሳችሁ ግቡ። ሁለቱ የክር ጫፎች አሁን ውስጥ ናቸው። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋውን ረጅም ክር መሀል አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከግራው፣ ሌላውን ከቀኙ ያዙ፤ በላዩ ላይ ቋጠሮ ቋጥሩ። ክሩን ስትስቡ በእጥፋቱ አቅጣጫ ሳቡ። ወደ ላይ ከሳባችሁ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ሽፋኑ ወፍራም ወረቀት ከሆነ ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ እየተመራችሁ መስመሩን ጫን ብላችሁ አስምሩት። አለበለዚያ እጥፋቱ ይሰነጣጠቃል።

የላጲስ ማህተም

ይህኛው ሱስ ያስይዛል፤ አስጠንቅቄያለሁ።

ተራ ላጲስ፣ ስለት ያለው ትንሽ ካተር እና የማህተም ቀለም ያዙ። የምትፈልጉትን ምስል በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳሉ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ላጲሱ ላይ አስተኙትና ጀርባውን በጥፍር እሹት። እርሳሱ ላጲሱ ላይ ተገልብጦ ያርፋል። ሲታተም ይቃናል።

ይህን መገልበጥ መዝለል አይቻልም፣ በተለይ በእኛ ፊደል። ሰ፣ በ፣ ሀ ግራ ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ብትረሱም ብዙ አይፈርዱባችሁም። ሳ እና ሶን ግን ተመልከቱ። የአንዱ ቀኝ እግር ረጅም ነው፣ የሌላው ግራ እግር። በመስታወት ሲታዩ አንዱ ሌላውን ይሆናል። እኔ አንድ ማታ ሁለት ሰዓት ፈጅቼ፣ ምላሴን ነክሼ፣ ቆንጆ «ሳ» ቀረጽኩ። ሳትማት «ሶ» ብላ ወጣች። ባ እና ቦም እንደዚያው ናቸው። «አበባ» ብላችሁ ቀጥታ ብትቀርጹ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው «ቦ» ነው።

ስትቀርጹ ካተሩን ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብሉት። መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ይቆማል፣ ሲታተም አይጣመምም። ቶሎ ለመጨረስ አትጣደፉ፤ የተቆረጠ ላጲስ አይመለስም። ካተሩን ሁልጊዜ ከጣታችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ግፉት።

የራሳችሁን ቴምብር መሥራትም ትችላላችሁ። ትንንሽ ሥዕሎችን በአንድ ወረቀት ላይ በረድፍ ሳሉ ወይም አትሙ። ክር ያልገባበት የስፌት መኪና በመሀላቸው ንዱበት። መርፌው ልክ እንደ እውነተኛ ቴምብር የሚቀደድ ነጠብጣብ ይሠራል። ፖስታው ላይ ለጌጥ ለጥፉት። በእውነተኛው ቴምብር ፋንታ ግን አይሆንም፤ እሱ ማጭበርበር ነው።

ፖስታውን ራሳችሁ ሥሩት

አንድ ኤ4 የመጽሔት ገጽ ወይም አሮጌ ካርታ ውሰዱ። አንዱን ማዕዘን በሰያፍ አጥፋችሁ ትርፉን ስትቆርጡ 21 በ21 ሴንቲ ሜትር ካሬ ታገኛላችሁ። ካሬውን አንድ ማዕዘኑ ወደ እናንተ እንዲያይ አስቀምጡት። መሀሉ ላይ 11 በ15 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ካርቶን አጋድሙ። የግራና የቀኝ ማዕዘኖችን በካርቶኑ ላይ እጠፉ፣ ከዚያ የታችኛውን አምጥታችሁ በላያቸው ለጥፉ። ኮላው ካርቶኑን እንዳይዝባችሁ። ካርቶኑን አውጡ፣ ዚኗን አስገቡ፣ የላይኛውን ክዳን ዝጉ። አለቀ።

የመጽሔቱ ገጽ ዝንጉርጉር ከሆነ ለአድራሻው ነጭ ወረቀት ለጥፉበት። ፖስታ አመላላሹ የጥበብ ውድድር ዳኛ አይደለም፤ አድራሻውን በአንድ እይታ ማንበብ አለበት። ፖስታውን የፈለጋችሁትን ያህል አስጊጡት፣ የአድራሻውንና የቴምብሩን ቦታ ግን ተዉ።

መላክ

ሒሳቡ ቀላል ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም ከሚመዝነው ተራ ወረቀት አንዱ ኤ4 5 ግራም ያህል ይመዝናል። የሠራችሁት ፖስታም ከዚሁ ወረቀት ከሆነ 3 ግራም ተኩል ነው። በብዙ አገር የመጀመሪያው የደብዳቤ እርከን 20 ግራም ድረስ ነው። ሦስት ዚን ከነፖስታው 18 ግራም ተኩል ይመጣል፤ አራተኛዋን ካስገባችሁ ወደሚቀጥለው ዋጋ ትገባላችሁ።

መጠንም አለ። የዓለም የፖስታ ኅብረት፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የተቋቋመው፣ ለትንሽ ደብዳቤ ያስቀመጠው ልክ ቢያንስ 90 በ140፣ ቢበዛ 165 በ245 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ነው። ኤ7 ዚን ብቻዋን ከትንሹ ልክ ታንሳለች። ለዚህ ነው ፖስታ ውስጥ የምትገባው። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ጠርሙስ ክዳን የመሳሰለ ጉብታ ያለው ነገር መለያ ማሽን ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ሲያስገቡት ደስ የሚል ብልጭልጭ ዱቄትም ይቅር፤ ተቀባዩ ለወራት ምንጣፉን ሲጠርግ ስማችሁን እየጠራ ነው። የደረቀ አበባና ዘር ወደ ሌላ አገር አትላኩ። ብዙ አገሮች ዕፅዋት እንዲሁ አያስገቡም።

ወደ ሌላ አገር ስትልኩ አድራሻውን በላቲን ፊደልም ጻፉ፣ የአገሩን ስም በመጨረሻው መስመር ለብቻው። የራሳችሁን አድራሻ ከጀርባ ወይም ከላይ በግራ አነስ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለማታውቁት ሰው የምትልኩ ከሆነ ከቤት አድራሻ ይልቅ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይሻላል። ዝናብም አለ። በውኃ የሚለቅ ማርከር አትጠቀሙ። በእሱ ከጻፋችሁ ግን አድራሻውን ብቻ በነጭ ሻማ እሹት። ቴምብሩን ግን በሻማም በስኮችም አትሸፍኑ፤ ማህተም ማረፍ አለበት።

ለማን?

ሬይ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ (እ.ኤ.አ. 1927–1995) ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ለወዳጁ ሥዕል ይልካል። ሥዕሉ ላይ «ጨምርበትና ለእገሌ ላክ» ወይም «ጨምርበትና መልስልኝ» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ከሰው ሰው እየዞረ፣ እየተለጠፈበት፣ እየተሰረዘበት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም እነዚህን ፖስታዎች ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። የፖስታ ጥበብ ስትሉ የብዙዎች ጣት ወደ እሱ ነው የሚጠቁመው።

እናንተም በዚሁ ጀምሩ። ግማሽ ሥዕል ሳሉ፣ «ቀሪውን አንተ» ብላችሁ ለጓደኛ ላኩ። ካርድ መለዋወጥም አለ፤ 64 በ89 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በእጅ የተሠሩ ትንንሽ የሠዓሊ ካርዶች። ልውውጡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከስዊዘርላንዷ ዙሪክ የተነሳ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ይለወጣል እንጂ አይሸጥም።

ቡድን ካላችሁ ጥሪ አውጡ። ጥሪው ላይ ርዕስ፣ የወረቀት መጠን፣ የመጨረሻ ቀን እና አድራሻ ይኑር። በፖስታ ጥበብ የቆየው ልማድ ዳኛ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የተላከ አይመለስም፣ የመጣው ሁሉ ይታያል የሚል ነው። በምላሹ አዘጋጁ ለተሳተፈ ሁሉ የሥራዎቹን ዝርዝር ወይም ትንሽ ጥራዝ ይልካል። ይህንን የማትችሉ ከሆነ ጥሪ አታውጡ። ሥራውን ልኮ ወሬ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክላችሁም።

መልስ ይዘገያል። አንዳንዱ ጭራሽ አይመጣም። እኔ አንዲት ደብተር አለችኝ፤ ለማን፣ ምን፣ መቼ እንደላክሁ እጽፍባታለሁ። ከየዚኑም አንድ አንድ ኮፒ አስቀራለሁ።

ማስተሩን ደግሞ ለይታችሁ አስቀምጡ። አንድ ጊዜ ከኮፒዎቹ ጋር ተቀላቅሎብኝ ማስተሩን ራሱን ለአንድ ወዳጄ ላክሁት። «እባክህ መልስልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰልኝ፣ በየገጹ ጥግ ትንሽ ዝሆን ስሎበት። አሁን ኮፒው ሁሉ ከነዝሆኑ ነው የሚወጣው።